ከክራውኑ ሥር ያለው ማጣበቂያ እውነት ደርቋል?

ክራውን፣ ማለትም ተሞርዶ በቀረ ጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ ሽፋን፣ ያስገጠመ ሰው ያቺን ሰማያዊ መብራት ያውቃታል። ሐኪሙ ማጣበቂያውን ክራውኑ ውስጥ ይቀባል። ጥርሱ ላይ ይጭነዋል። «ይንከሱ» ይላል። ከዚያ ወፍራም እስክሪብቶ የምታህል መብራት ያስጠጋል። ጢጥ ብላ ትበራለች፣ ትንሽ ቆይታ ጢጥ ብላ ትጠፋለች። «አለቀ፣ ይጉመጥመጡ» ይባላል።

አንድ ነገር ግን አይገርምም? ማጣበቂያው ያለው ከክራውኑ ሥር ነው። መብራቱ የሚበራው ከክራውኑ በላይ ነው። ታዲያ ብርሃኑ በየት በኩል ገባ?

እኔ ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። የመንጋጋ ጥርሴ ክራውን ቆሎ ስቆረጥም ሳይሰበር፣ ሳይሰነጠቅ፣ እንዳለ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ። ያየችኝ ሐኪም ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላበጠችውና «ክራውኑ ደህና ነው። የከዳው ማጣበቂያው ነው» አለችኝ። ለምን ከዳ? ምራቅ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ተሞርዶ የቀረው ጥርስ አጭር ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ወይም ማጣበቂያው በቅጡ አልጠነከረም። የኔው በየትኛው እንደወለቀ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ነገረችኝ። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሄጄ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል። በልማድ «ማጣበቂያው ደረቀ» እንላለን። ቀለም ወይም ጭቃ ሲደርቅ ፈሳሹ ተንኖ ይሄዳል። ከክራውን ሥር ግን የሚተን ነገር የለም፣ ቢኖርም መውጫ የለውም። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ማጣበቂያ የሬዚን ሲሚንቶ ይባላል። ስሙ ሲሚንቶ ይሁን እንጂ ከግንባታው ሲሚንቶ ጋር ዝምድና የለውም። ሲወጣ እንደ ማር ነው። ውስጡ ሞኖመር የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎችና በጣም የላመ የመስታወት ዱቄት አለ።

እያንዳንዱ ሞኖመር በሁለት ጫፉ እጅ አለው እንበል። ኬሚስቶች ይህን እጅ የካርቦን ድርብ ትስስር ይሉታል። አንድ ቀስቃሽ ሲመጣ የመጀመሪያው እጁን ዘርግቶ የጎረቤቱን ይይዛል። ያ ደግሞ የቀጣዩን። ሰንሰለት ይሆናል። ሁለተኛው እጅ ደግሞ ሌላ ሰንሰለት ይይዝና ሰንሰለቶቹ ተጠላልፈው መረብ ይሆናሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ጋ ቃል በቃል ይሠራል። አንበሳው የመንጋጋችን ጉልበት ነው።

ከሞኖመሮቹ ሁሉ ስመ ጥሩው ቢስ-ጂኤምኤ ነው። አሜሪካዊው የጥርስ ተመራማሪ ራፋኤል ቦወን ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠራ ባለቤትነት መብት የተሰጠበት ነገር ነው። የጥርስ ሙሌቱም የክራውን ማጣበቂያውም ዛሬ ድረስ ከዚያ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እጆቹ ሁሉ አይያያዙም። ጥሩ ሬዚን፣ ጥሩ መብራት፣ ጎበዝ ሐኪም ቢገጥሙም ከ100 እጆች የሚያያዙት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ናቸው። የቀሩት ክፍት እጃቸውን ይቀራሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። መረቡ እየጠነከረ ሲሄድ መንቀሳቀሻ ይጠፋል። ጠዋት ሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ የሞላ ሚኒባስ አስቡ። ሒሳብ ለመክፈል ኪሳችሁ ውስጥ እጅ መክተት እንኳ አይቻልም። ሞኖመሩም ጎረቤቱ እዚያው አጠገቡ እያለ ሊደርስበት አይችልም።

ይህ ማለት ግን ከማጣበቂያው ግማሹ ፈሳሽ ነው ማለት አይደለም። ክፍት ከቀሩት እጆች የብዙዎቹ ባለቤት በሌላኛው እጁ ተይዟል። አይወጣም፣ አይፈስም። ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆነው የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው የተያያዙት እጆች ቁጥር ከሚገባው በታች ሲወርድ ነው።

ይህን በዓይን ማወቅ አይቻልም። በላቦራቶሪ የሚለኩት በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ድርብ ትስስሩ የራሱን ሞገድ ይውጣል። ማጣበቂያው ከመጠንከሩ በፊት ምን ያህል እንደዋጠ፣ ከጠነከረ በኋላ ምን ያህል እንደሚውጥ ይመዘገባል። ልዩነቱ ስንት እጅ እንደተያያዘ ይናገራል። ሌላው መንገድ ሹል የአልማዝ ጫፍ ተጭኖ የሚተወውን ጠባሳ በማይክሮስኮፕ መለካት ነው። ጠባሳው ትልቅ ከሆነ ማጣበቂያው ለስላሳ ነው።

ክሊኒክ ውስጥ ሁለቱም የሉም። ሐኪሙ ያለው የመሣሪያው ጫፍ ነው። በዚያ ጫፍ ደግሞ የሚነካው ከክራውኑ ጠርዝ ተርፎ የወጣውን ማጣበቂያ ነው። እሱ ብርሃኑን በቀጥታ አግኝቷል። ድንጋይ ሆኗል። ከክራውኑ ጣሪያ ሥር ያለው ግን ሌላ ታሪክ ሊኖረው ይችላል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ይህ ነው። የምንፈትሸው ቦታና የምንጨነቅበት ቦታ ለየቅል ናቸው።

ታዲያ ቀስቃሹ ማን ነው? በሦስት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው ብርሃን ነው። ሬዚኑ ውስጥ ካምፎርኪኖን የሚባል ቢጫ ዱቄት በጣም በትንሹ ይጨመራል። ከሁሉ አብልጦ የሚውጠው 468 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ነው። መብራቷ ሰማያዊ የሆነችው ለዚህ ነው፣ ለውበት አይደለም። ሐኪሙ ብርቱካናማ መነጽር ወይም መከለያ የሚይዘውም ያ ሰማያዊ ብርሃን ዓይን ስለሚጎዳ ነው። እናንተም አፍጥጣችሁ አትዩት።

ሁለተኛው ኬሚካል ነው። አንዱ ቱቦ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይይዛል፣ ሌላኛው አሚን የሚባል ነገር። ሁለቱ ሲደባለቁ ምላሹ በራሱ ይነሳል። ብርሃን አይጠይቅም፣ ጊዜ ግን ይጠይቃል።

ሦስተኛው ሁለቱን ያጣመረው ነው። ድርብ እንበለው። ጠርዙን ብርሃኑ ያጠነክረዋል፣ ጨለማ ውስጥ ያለውን ኬሚካሉ ይጨርሰዋል። ከክራውን ሥር በብዛት የሚገባው ይህ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን ስሙ ያዘናጋል፣ እመለስበታለሁ።

አክስቴ የወርቅ ጥርስ ነበራት። ስትስቅ ብልጭ ይል ነበር። በወርቅ ውስጥ ብርሃን አያልፍም፣ አንድም ጨረር። ያም ሆኖ ዕድሜዋን ሙሉ አልወለቀም። የድሮው ማጣበቂያ ዚንክ ፎስፌት ነበር። አሲድና ዱቄት ተቦክቶ በራሱ የሚጠነክር፣ ከብርሃን ጋር ጉዳይ የሌለው። ዛሬም ለብረት ክራውን ይሠራል። ግን ከጥርሱም ከክራውኑም ጋር በኬሚካል አይጣበቅም፤ ሸካራው ወለል ውስጥ ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይይዛል እንጂ። ዛሬ ሰው የሚፈልገው ጥርስ የሚመስል ነጭ ክራውን ነው። ከነጮቹ ደግሞ ደካማው የሴራሚክ ዓይነት ከሥሩ ከጥርሱ ጋር አንድ ሆኖ ካልተጣበቀ ይሰነጠቃል። ሬዚኑን ያመጣው ይህ ፍላጎት ነው። ብርሃኑንም እሱ አመጣው።

አሁን ብርሃኑ ሴራሚኩን እንዴት እንደሚያልፍ እንይ። ነጠላ ወደ ፀሐይ ዘርጉና ከኋላው እዩ። ማዶ ያለው ሰው ይታያል። ጋቢ ዘርጉ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ብርሃን እንዳለ ታውቃላችሁ እንጂ ሰውየውን አታዩትም። እያንዳንዱ እጥፍ የሚወስደው ከደረሰው ላይ ድርሻውን ነው። ሴራሚኩም እንደዚያው ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 1 ሚሊ ሜትር ግማሹን ብርሃን ከወሰደ፣ ሁለተኛው 1 ሚሊ ሜትር የቀረውን ግማሽ ለሁለት ይከፍለዋል። ማጣበቂያው ጋ የሚደርሰው ሩብ ብቻ ነው። ስለዚህ ውፍረት ትንሽ ሲጨምር ብርሃኑ የሚጎድለው በትንሹ አይደለም። የመንጋጋ ክራውን ደግሞ በማኘኪያው በኩል 1 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሆናል።

የክራውኑ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ሊቲየም ዳይሲሊኬት የሚባለው ሴራሚክ ብርሃን በደንብ ያሳልፋል፤ ነጠላው እሱ ነው። የተለመደው ዚርኮኒያ በጣም ጠንካራ ነው፣ ብርሃን ግን ይጋርዳል። ጋቢ ነው። ከሥሩ ብረት ያለበት ፖርሴሊን ደግሞ ግድግዳ ነው። አሁን አሁን ብርሃን የሚያሳልፉ አዳዲስ ዚርኮኒያዎች መጥተዋል። ውበታቸው ሲጨምር ጥንካሬያቸው ትንሽ ይቀንሳል። ቀለምም ድርሻ አለው፤ ጠቆር ያለ ክራውን ከነጣ ክራውን የበለጠ ብርሃን ይውጣል። ግን ትልቁ ጉዳይ ውፍረቱ ነው።

ራሷ መብራቷስ? ስለ እሷ ብዙ አይወራም፣ ሊወራ ግን ይገባል። የምትሰጠው ኃይል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር በሚሊዋት ይለካል። 1000 ሚሊዋት የምትሰጥ መብራት ለ20 ሰከንድ ብትበራ 20 ጁል ጉልበት ታደርሳለች። ሒሳቡ ማባዛት ብቻ ነው። ከክራውኑ ሥር ሩቡ ብቻ ከደረሰ ግን 5 ጁል ነው። ስለዚህ ጊዜውን ማራዘም ግድ ይላል። ከላይ፣ ከጉንጭ በኩል፣ ከምላስ በኩል እየዞሩ ማብራት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ሒሳብ በአንዲት ጠብታ ሊበላሽ ይችላል። በመብራቷ ጫፍ ላይ የደረቀ ሙሌት ተለጥፎ ይቀራል። ብርሃኑን ይጋርዳል። ባትሪው ያረጃል። ጫፉ ከጥርሱ ትንሽ ከራቀ ወይም ከተንጋደደ የሚደርሰው ይቀንሳል፤ የኋለኛው መንጋጋ ጋ ደግሞ ቀጥ አድርጎ መያዝ ከባድ ነው። መብራቷ ደክማም ቢሆን ሰማያዊ ሆና ትበራለች። ዓይን ልዩነቱን አይለይም። የብርሃን መለኪያ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ፤ መብራቷን አስጠግቶ ቁጥሩን ማንበብ ነው። በየጊዜው የሚለካ ክሊኒክ ካገኛችሁ እዚያ ደንበኛ ሁኑ።

ድርብ የሚለው ስም ያዘናጋል ያልኩት እዚህ ላይ ነው። «ብርሃኑ ባይደርስ ኬሚካሉ ይጨርሰዋል» ብሎ መተማመን አለ። ኬሚካሉ ግን ሁልጊዜ አይጨርሰውም። ብዙዎቹ ድርብ ማጣበቂያዎች ያለ ብርሃን በኬሚካል ብቻ ሲተዉ፣ በብርሃን ታግዘው ከሚደርሱበት በታች ይቀራሉ። ከምርት ምርት ደግሞ ይለያያል። አንዱ ጨለማ ውስጥ ጎበዝ ነው፣ ሌላው ያለ ብርሃን ይሰንፋል።

ተቃራኒውም አለ፣ ይህኛው ይበልጥ ይገርማል። ብርሃኑ ቶሎና በኃይል ከመጣ መረቡ ወዲያው ይጠነክራል። ሚኒባሱ ገና ከመነሻው ሞላ ማለት ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣው ኬሚካል ደርሶ የሚያያይዘው ነገር መንቀሳቀስ አይችልም። ለአንዳንድ ማጣበቂያዎች ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማብራት ይሻላል የሚባለው በዚህ የተነሳ ነው። ለሌሎቹ ወዲያው ማብራት ይሻላል። መልሱ ያለው ከማሸጊያው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ነው። ያ ወረቀት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይጣላል።

ኦክስጅንም በመሃል ይገባል። የሚዘረጉትን እጆች ቀድሞ ይይዝና ሰንሰለቱን ይቆርጣል። ከክራውኑ ሥር አየር የለም፣ ስለዚህ ጥልቁ ከዚህ ጠላት ነፃ ነው። ጠርዙ ግን አየር ይነካዋል፤ ላዩ ላይ ስስ የሚያጣብቅ ንጣፍ ይቀራል። ውስጡ ብርሃን ያጥረዋል፣ ጠርዙ አየር ይበዛበታል። የጃፓኑ ኩራሬይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ፓናቪያ የሚባለውን ማጣበቂያ ሲያወጣ፣ አየር ባለበት የማይጠነክር ነገር ስለነበር ጠርዙ አየር በሚከለክል ጄል ይሸፈን ነበር። ዛሬም ጠርዙን ግሊሰሪን ጄል ቀብተው መጨረሻ ላይ እንደገና የሚያበሩ ሐኪሞች አሉ። ጥሩ ልማድ ነው።

ሌላው አሲድ ነው። ከማጣበቂያው በፊት ጥርሱ ላይ የሚቀባ ፈሳሽ አለ። ሥራ ለማቅለል ሁሉንም በአንድ ጠርሙስ ያደረጉት ዓይነቶች አሲዳቸው በዛ ይላል። ያ አሲድ የኬሚካሉን አሚን ያሽመደምደዋል። በውጤቱ ማጣበቂያው ጥርሱን በሚነካበት ቦታ፣ ልክ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ ሰነፍ ሆኖ ይቀራል። ፈሳሹንና ማጣበቂያውን ከተለያየ ኩባንያ እያነሱ ማደባለቅ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። አብረው እንዲሠሩ ካልተነደፉ ሊጣሉ ይችላሉ።

ሙቀትም አለ። ማጣበቂያው ከፍሪጅ እንደወጣ ወዲያው ከተጠቀሙበት ምላሹ ይጎተታል፤ ወደ ክፍል ሙቀት እስኪመለስ መጠበቅ ይገባል። አፍ ውስጥ ያለው ሙቀት ያፋጥነዋል። በማከማቻ በኩል ግን ሙቀት ጠላት ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ጉምሩክ መጋዘን ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የከረመ ማጣበቂያ ጊዜው ሳያልፍ ሊደክም ይችላል። ይህ ከየትም አገር ይልቅ ሁሉንም ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጣ አገር የሚገባ ስጋት ነው።

በቂ ካልጠነከረስ ምን ይመጣል? ወዲያው ምንም አይመጣም። ክራውኑ ይቀመጣል፣ ታኝካላችሁ። ልል መረብ ግን ውሃ ይመጥጣል። ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በጠርዙ በኩል እየታጠበ ይሄዳል። በተፈጠረችው ስንጥቅ ባክቴሪያ ይገባና ከክራውኑ ሥር ጥርሱ ይበሰብሳል። ከላይ ነጭና ውብ ነው፣ ከሥር ግን ጉድ ነው። ጠርዙ ላይ ቡና የሚመስል መስመር ሊወጣም ይችላል። ነፃ የቀሩት ሞኖመሮች ደግሞ ነርቩ በሕይወት ያለ ጥርስን ሊያስቆጡ ይችላሉ። መጨረሻ ላይ ክራውኑ ይወልቃል፣ ወይም ከሥሩ ድጋፍ ያጣው ሴራሚክ ይሰነጠቃል።

ደስ የሚለው፣ ምላሹ ከወንበሩ ስትነሱ አያበቃም። ኬሚካሉ ለሰዓታት ይቀጥላል፤ ጥንካሬው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ በደንብ ይጨምራል። ስለዚህ «ዛሬ ጠጣር አይብሉ» ሲባል ለወጉ እንዳይመስላችሁ። በተለይ ለእረፍት ከውጭ የመጣችሁ ልጆች፣ ክራውኑን በበረራው ዋዜማ አታስገጥሙት። ቢያንስ ንክሻው ካልተመቸ የምትመለሱበት ቀን ይኑራችሁ።

ሐኪሙን ደግሞ ጠይቁ፣ አያስቆጣም። «ዶክተር፣ ክራውኑ ከምንድን ነው የተሠራው? በየት በኩል ነው የሚያበሩት?» በቂ ነው። ዚርኮኒያ ወይም ብረት ያለበት ከሆነ፣ ጥርሱም በቂ ቁመት ካለው፣ ሐኪሙ ብርሃን የማይፈልግ ማጣበቂያ ሊመርጥ ይችላል። ያ መዘግየት ወይም ኋላ ቀርነት አይደለም። አንዳንዴ ትክክለኛው እሱ ነው።

የኔን ክራውን መልሳ የገጠመችው ሐኪም መጀመሪያ የመብራቷን ጫፍ በአልኮል ጠረገች። ከቱቦው መጀመሪያ የወጣችውን ጠብታ ወረቀት ላይ ጣለቻት፤ በእኩል ላይደባለቅ ይችላል አለች። ክራውኑን ጭና ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ አበራች፣ የተረፈውን ጎማ መሰል ነገር አነሳች። ከዚያ ከላይ 40 ሰከንድ፣ ከጉንጭ 40 ሰከንድ፣ ከምላስ በኩል 40 ሰከንድ። መንጋጋዬ ሊገነጠል ደረሰ። «ዶክተር፣ ገና ነው?» ልላት ፈልጌ አፌ ተይዟል።

ቆሎውን በማግስቱ በላሁት። በሌላኛው በኩል።